ሥራ የፈታ ፕሮፔለር፦ የሸራ ጀልባ ታጣፊውን ትምረጥ ወይስ ፌዘሪንጉን?

አንድ መሣሪያ በሥራ ላይ ሳለ የሚሰጠውን ጥቅም ማስላት የተለመደ ነው። ሥራ ፈትቶ በተቀመጠበት ጊዜ የሚያስከትለውን ኪሣራ የምናሰላው ግን ከስንት አንዴ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው መሣሪያ የሸራ ጀልባ ፕሮፔለር ሲሆን፣ የእርሱ ችግር የሚጀምረው ሞተሩ በጠፋበት ቅጽበት ነው።

ረጅም የባሕር ጉዞ የሚያደርጉ የሸራ ጀልባዎች ርዝመታቸው አብዛኛውን ጊዜ ከ9 እስከ 15 ሜትር ይደርሳል። ባለቤቶቻቸው ለወራት፣ አንዳንዶቹም ለዓመታት ይኖሩባቸዋል፤ አትላንቲክንና ሰላማዊ ውቅያኖስንም ያቋርጡባቸዋል። ዋናው አንቀሳቃሽ ኃይላቸው ነፋስ ነው። ነፋሱ ሲጠፋ፣ ወይም ጠባብ ወደብ ውስጥ ገብቶ መቆም ሲያስፈልግ የሚያገለግል አነስተኛ የናፍጣ ሞተርም አላቸው። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» እንደሚባለው ነው። እዚህ ላይ ግን ሁለተኛው ባላ ዋጋ ያስከፍላል። ሸራው በማያስፈልግበት ጊዜ ተጠቅልሎ ይታሰራል፤ ፕሮፔለሩ ግን ያገልግልም አያገልግል ከጀልባዋ ሥር ውኃ ውስጥ ተንጠልጥሎ አብሮ ይጓዛል።

ለመሆኑ ይህ ምን ያህል ይጎዳል? መልሱን ለማግኘት በሁለተኛ ደረጃ የምንማረው ፊዚክስ ይበቃናል። በፈሳሽ ውስጥ የሚጓዝ አካል የሚደርስበት ጎታች ኃይል የሚከተለው ነው፦

ጎታች ኃይል = ½ × የፈሳሹ እፍግታ × ፊት ለፊት የሚታየው ስፋት × የቅርጽ ኮፊሸንት × የፍጥነት ካሬ

ስድስት ቶን የምትመዝን፣ ባለ ሦስት ክንፍ ቋሚ ፕሮፔለር የተገጠመላት ጀልባ እንውሰድ። ቋሚ ስንል ክንፎቹ ከመሃለኛው እምብርት ጋር አንድ ሆነው የተቀረጹ፣ የማይታጠፉና የማይዞሩ ማለታችን ነው። የፕሮፔለሩ ዲያሜትር 43 ሴንቲ ሜትር፣ የሦስቱ ክንፎች ስፋት ከፊት ሲታይ 0.06 ካሬ ሜትር ይሁን። ዘንጉ ተቆልፎ ፕሮፔለሩ ሲቆም ክንፎቹ ውኃውን እንደ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ስለሚጋፈጡ የቅርጽ ኮፊሸንቱን 1 ብንል ከእውነታው ብዙ አንርቅም። የባሕር ውኃ እፍግታ በኪዩቢክ ሜትር 1,025 ኪሎ ግራም ነው። ጀልባዋ በ5 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 5 የባሕር ማይል ትጓዛለች እንበል፤ ይህም በሴኮንድ 2.57 ሜትር ነው። እነዚህን ቁጥሮች ስናባዛ 200 ኒውተን ገደማ እናገኛለን።

አንድ ማስተካከያ ግን ያስፈልጋል። በጀልባዋ ቀፎ ዙሪያ ያለው ውኃ በሰበቃ ምክንያት ከጀልባዋ ጋር በመጠኑ ስለሚጎተት፣ ፕሮፔለሩን የሚያገኘው ውኃ ከጀልባዋ ፍጥነት ያነሰ ፍጥነት ይኖረዋል። ልዩነቱ 10 በመቶ ቢሆን ኃይሉ በ0.9 ካሬ፣ ማለትም በ0.81 ተባዝቶ ወደ 165 ኒውተን ይወርዳል። ይህ ከ16 ኪሎ ግራም በላይ ክብደት ነው። በሌላ አነጋገር አራት አምስተኛው ድረስ በውኃ የተሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በገመድና በበከራ ከጀልባዋ ኋላ ተንጠልጥሎ ሌት ተቀን ወደ ኋላ ይስባታል ማለት ነው።

በጉልበት ብክነትም መግለጽ ይቻላል። 165 ኒውተን በሴኮንድ 2.57 ሜትር ሲባዛ 424 ዋት ይሆናል። በ24 ሰዓት ውስጥ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይባክናል። ይህ የቤታችን የኤሌክትሪክ ምጣድ ለሦስት ሰዓት ያህል ሲጋገርበት ከሚወስደው ጋር የሚቀራረብ ነው። ያውም ይህ ሁሉ ምንም ነገር ላልሠራ መሣሪያ የሚከፈል ነው።

ይህ ኃይል ጀልባዋን ምን ያህል ያዘገያታል የሚለው ጥያቄ ጥቂት ጥንቃቄ ይሻል። የጀልባዋ ቀፎ ብቻውን በ5 ኖት 500 ኒውተን ተቃውሞ ይገጥመዋል እንበል። በዚህ ፍጥነት አካባቢ ቀፎው ከሰበቃው በተጨማሪ ማዕበል ስለሚፈጥር ተቃውሞው ከፍጥነት ካሬ በላይ ይጨምራል፤ ለስሌት እንዲመች ከፍጥነት ኪዩብ ጋር ይመጣጠናል ብለን እንውሰድ። ሸራው የሚሰጠው ኃይል 500 ኒውተን ከሆነ፣ ፕሮፔለር የሌላት ጀልባ በ5 ኖት ትጓዛለች። ቋሚ ፕሮፔለር ያላትስ? በ4.5 ኖት የቀፎው ተቃውሞ ወደ 364 ኒውተን፣ የፕሮፔለሩ ደግሞ ወደ 134 ኒውተን ይወርዳል፤ ድምራቸው 498 ነው። ስለዚህ ጀልባዋ የምትረጋው በ4.5 ኖት ገደማ ይሆናል። የጠፋው ግማሽ ኖት ነው።

ግማሽ ኖት ለወደብ ውስጥ ሽርሽር ምንም አይደለም። ከካናሪ ደሴቶች ተነሥቶ በካሪቢያን ወደምትገኘው ሴንት ሉሺያ ለሚሻገር ግን ጉዞው 2,700 የባሕር ማይል ያህል ነው። በ5 ኖት 22 ቀን ተኩል፣ በ4.5 ኖት 25 ቀን ይፈጃል። በመካከሉ ያለው ሁለት ቀን ተኩል የመጠጥ ውኃ፣ የምግብና የእንቅልፍ ጉዳይ ነው።

እዚህ ላይ ሻጮች ሲያስተዋውቁ የማይጠቅሱትን አንድ ነገር ማንሣት ተገቢ ይመስለናል። ጥቅሙ በሁሉም ፍጥነት እኩል አይደለም። በጥልቅ ውኃ ላይ የማዕበል ፍጥነት ከማዕበሉ ርዝመት ዳግም ዘር፣ ማለትም ስኩዌር ሩት ጋር ይመጣጠናል። ውኃ የሚነካው ርዝመቷ 9 ሜትር የሆነ ጀልባ 9 ሜትር ርዝመት ያለው ማዕበል በሚጓዝበት ፍጥነት፣ ማለትም በ7.3 ኖት ገደማ ስትሄድ ራሷ በፈጠረችው ማዕበል ውስጥ ትታሰራለች፤ ከዚያ በላይ ለመፍጠን አቀበት እንደ መውጣት ይሆንባታል። በዚህ ወሰን አጠገብ የቀፎው ተቃውሞ እጅግ ስለሚንር የፕሮፔለሩ ድርሻ ከቁጥር አይገባም። ብርቱ ነፋስ ሲነፍስ ማንኛውም ፕሮፔለር ያው ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በቀላልና በመካከለኛ ነፋስ ነው፤ አብዛኛው የመርከበኛ ዕድሜ የሚያልፈውም በዚሁ ነው።

ቆልፎ ማቆም ወይስ መልቀቅ?

ወደ መፍትሔዎቹ ከመግባታችን በፊት በወደቦች ሁሉ የሚሰማን አንድ ክርክር እንይ። ለከፍተኛ ትምህርት በውጭ አገር በቆየንባቸው ዓመታት የባሕር ዳርቻ ከተማ ነዋሪዎች ስለነበርን ክርክሩን ደጋግመን የማዳመጥ ዕድል አጋጥሞናል። ቋሚ ፕሮፔለር ያለው ሰው በሸራ ሲጓዝ ዘንጉን ይቆልፈው ወይስ ውኃው እንደ ልቡ እንዲያሽከረክረው ይልቀቀው?

«ይቆለፍ» የሚሉት ወገኖች ማስረጃቸው ሄሊኮፕተር ነው። ሞተሩ የጠፋ ሄሊኮፕተር የላይኛው ክንፉ በነፋስ እየተሽከረከረ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ክንፉ ቢቆም ግን እንደ ድንጋይ ይወድቃል። ስለዚህ የሚሽከረከር ክንፍ ከቆመ ክንፍ የበለጠ ይጎትታል ይላሉ። ክርክሩ ብልህ ቢሆንም አንድ ነገር ይዘነጋል። የሄሊኮፕተር ክንፎች በሚወርድበት ጊዜ ከሚሽከረከሩበት ገጽ ጋር ያላቸው ማዕዘን በጣም አነስተኛ ነው፤ ቁጥራቸውና ስፋታቸውም ከሚጠርጉት ክብ አንጻር ኢምንት ነው። የጀልባ ፕሮፔለር ክንፎች ግን ሰፋፊ ናቸው፤ ያዘነበሉትም ብዙ ነው። ሲቆለፉ ውኃው በሰፊው ፊታቸው ላይ ይላተማል፤ ከኋላቸውም የታወከ ሽክርክሪት ይተዋል። ሲለቀቁ ደግሞ ክንፉ ከውኃው ጋር እየተስማማ ስለሚዞር ውኃው የሚያገኘው በጠባብ ማዕዘን ነው፤ ስለዚህ የሚጎትተው ያነሰ ነው። በስኮትላንድ የስትራዝክላይድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙት የልኬት ጥናትም ይህንኑ አረጋግጧል፦ የተቆለፈ ፕሮፔለር በነፃነት ከሚሽከረከር የበለጠ ይጎትታል። በዘንጉ ላይ ሰበቃ በበዛ ቁጥር ግን ጥቅሙ ይቀንሳል። በተጨማሪም አንዳንድ የማርሽ ሳጥኖች ሞተሩ ጠፍቶ ለረጅም ጊዜ ቢሽከረከሩ የውስጥ ዘይታቸው በሚገባ ስለማይዳረስ ይጎዳሉ። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ የመጨረሻው ዳኛ የማርሽ ሳጥኑ መመሪያ መጽሐፍ ነው።

መልቀቅ ጉዳቱን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። ለማጥፋት የፕሮፔለሩን ቅርጽ ራሱን መለወጥ ያስፈልጋል።

ከውኃው መሰወር

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1860 ወደ ባሕር የገባችው ዋሪየር የተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ሸራም የእንፋሎት ሞተርም ነበራት። በሸራ በምትጓዝበት ጊዜ ግዙፉ ፕሮፔለሯ ከዘንጉ ተላቆ በመቶዎች በሚቆጠሩ መርከበኞች ጉልበት ወደ ላይ ይጎተት ነበር። በአንዲት ጀልባ ውስጥ ያሉ ባልና ሚስት ይህን ማድረግ ስለማይችሉ የዛሬ መሐንዲሶች ሥራውን ለውኃው ራሱ ሰጥተውታል። የሰጡበትም መንገድ ሁለት ነው።

ታጣፊ ፕሮፔለር ክንፎቹ ከእምብርቱ ጋር በማጠፊያ የተያያዙ ናቸው። ዘንጉ ሲቆም የሚመጣው ውኃ ክንፎቹን ወደ ኋላ ይገፋቸውና እንደ አበባ እምቡጥ ይዘጋሉ። ሞተሩ ሲነሣና ዘንጉ ሲዞር ደግሞ ወደ ውጭ ተወርውረው ይከፈታሉ። የወረወራቸው በተለምዶ ማዕከል ሸሽ ኃይል የምንለው ነው። መጠኑ ያስገርማል። ክብደቱ 1 ኪሎ ግራም፣ የክብደት ማዕከሉም ከዘንጉ 12 ሴንቲ ሜትር የራቀ ክንፍ በደቂቃ 1,000 ዙር ሲሽከረከር ኃይሉ 1,300 ኒውተን ይጠጋል። ይህም የክንፉን ክብደት ከ130 ጊዜ በላይ ያጥፋል። በቀደሙት ሞዴሎች ሁለቱ ክንፎች እርስ በርስ ስለማይገናኙ ዘንጉ ቆሞ ሳለ ከታች ያለው ክንፍ በክብደቱ እየወረደ በከፊል ይከፈት ነበር። በአሁኖቹ ላይ ክንፎቹ በጥርስ ተያይዘው እኩል ይከፈታሉ፣ እኩልም ይዘጋሉ።

ፌዘሪንግ ፕሮፔለር በተቃራኒው አይታጠፍም። እያንዳንዱ ክንፍ በራሱ ዘንግ ላይ ዞሮ ጠርዙን ወደ ውኃው ያደርጋል። ስሙ የመጣው ከእንግሊዝኛው «ላባ» ከሚለው ቃል ሲሆን፣ ቀዛፊዎች መቅዘፊያቸውን ከውኃ አውጥተው ሲመልሱ ነፋስ እንዳይገታው ጠፍጣፋ የሚያደርጉበትን ልማድ ለመግለጽም ያገለግላል። ይህን አሠራር በዓይናቸው ለማየት የሚፈልጉ አንባብያን ወደ ባሕር መሄድ አያስፈልጋቸውም። በአገር ውስጥ በረራ ላይ የሚያገለግለውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዳሽ 8 ኪው 400 አውሮፕላን ቆሞ ሳለ ልብ ብለው ቢመለከቱ ስድስቱም የፕሮፔለር ክንፎች ጠርዛቸውን ወደ ፊት አድርገው ያገኟቸዋል። በአየር ላይ አንዱ ሞተር ቢጠፋም ክንፎቹ ወደዚሁ አቋም ይዞራሉ፤ አለበለዚያ የቆመው ሞተር ፕሮፔለር አውሮፕላኑን ወደ አንድ ወገን እየጎተተ ያስቸግራል። አየር መንገዱ እ.ኤ.አ. በ1946 ሥራ ሲጀምር ይበሩ የነበሩት ሲ-47 አውሮፕላኖችም ይህንኑ ያደርጉ ነበር። በአውሮፕላን ክንፉን የሚያዞረው የዘይት ግፊት ነው። በጀልባ ግን በእምብርቱ ውስጥ ካሉ ጥቂት ጥርሳም ማርሾች በቀር ሌላ መሣሪያ የለም፤ የዘንጉ ጠምዛዥ ኃይል ክንፉን ወደ ሥራ ማዕዘኑ ያመጣዋል፣ ዘንጉ ሲቆም ደግሞ ውኃው ይመልሰዋል። ስለዚህም ዘንጉ በትክክል መቆም አለበት። እየተሽከረከረ ያለ ፌዘሪንግ ፕሮፔለር ሥራ ላይ ያለ ስለሚመስለው ጠርዙን አይሰጥም።

ከሁለቱ በውኃ ውስጥ የሚሻለው የትኛው ነው? የጉተታውን ነገር ብቻ ካየን ልዩነታቸው ጥቂት ነው። በምሳሌያችን ጀልባ ላይ የሁለቱም ጉተታ በእኛ ግምት ከ20 ኒውተን አይበልጥም፤ ታጣፊው እምቡጥ ስለሚሆን በመጠኑ ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አሥር የሸራ ጀልባ ፕሮፔለሮችን ጎን ለጎን ያነጻጸረው ጥናትም ሁለቱም ዓይነቶች ከቋሚው እጅግ ያነሰ ጉተታ እንዳላቸው አሳይቷል። ስለዚህ ገዢው በሁለቱ መካከል ሲመርጥ ስለ ሸራ ፍጥነት መጨነቁን ትቶ ሞተሩ ሲነሣ ስለሚሆነው ማሰብ አለበት።

ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ

ፕሮፔለር በውኃ ውስጥ እንደሚጓዝ ብሎን ነው። አንድ ዙር ሲዞር ሊጓዘው የሚገባው ርቀት ፒች ይባላል። ፒቹ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፕሮፔለር እንውሰድ። በእምብርቱ አጠገብ፣ ከማዕከሉ በ6 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ያለው የክንፉ ክፍል በአንድ ዙር 38 ሴንቲ ሜትር ያህል ክብ ይሠራል፤ በጫፉ በኩል በ20 ሴንቲ ሜትር ርቀት ያለው ግን 126 ሴንቲ ሜትር ይዞራል። ሁለቱም በአንድ ዙር እኩል 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት መራመድ አለባቸው። የማዕዘኑ ታንጀንት ፒቹ ለክቡ ዙሪያ ሲካፈል የሚገኘው ስለሆነ፣ የውስጠኛው ክፍል 38 ዲግሪ ተኩል፣ የጫፉ ደግሞ 13 ዲግሪ ገደማ ማዘንበል ይኖርበታል። ጥሩ ፕሮፔለር የተጠማዘዘ ክንፍ ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ይህን የተጠማዘዘ ክንፍ በራሱ ዘንግ ላይ አዙረን ጠርዙን ለውኃው እንስጥ። ጫፉን ስናስተካክል ሥሩ በ25 ዲግሪ ያፈነግጣል፤ ሥሩን ስናስተካክል ጫፉ ያፈነግጣል። ሙሉ በሙሉ ሊሰወር የሚችለው ያልተጠማዘዘ፣ ጠፍጣፋ ክንፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ፌዘሪንግ ፕሮፔለሮች ጠፍጣፋ ወይም ለጠፍጣፋ የቀረበ ክንፍ አላቸው፤ በሞተር ወደ ፊት ሲጓዙም በጥሩ ሁኔታ ከተቀረጸ ክንፍ በመጠኑ ያነሰ ውጤት ይሰጣሉ። ታጣፊው ይህ ችግር የለበትም። ሲታጠፍ መላው ክንፍ ወደ ኋላ ስለሚተኛ እንደ ልብ ሊጠማዘዝ ይችላል።

ወደ ኋላ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ፌዘሪንግ ፕሮፔለር የዘንጉ አዟዟር ሲቀየር ክንፉን አገላብጦ ያንኑ መሪ ጠርዝ ለውኃው ስለሚሰጥ ወደ ኋላም እንደ ፊቱ ይገፋል። ታጣፊው ግን ፈተና ይገጥመዋል፤ ምክንያቱም ወደ ኋላ ሲገፋ ክንፎቹ ላይ ያረፈው ኃይል የሚሠራው በመታጠፊያቸው አቅጣጫ ነው። ወደ ፊት ሲሄድ ውኃው ክንፎቹን እያስደገፈ ይከፍታቸዋል፤ ወደ ኋላ ሲሄድ ሊዘጋቸው ይታገላል። ክፍት አድርጎ የሚያቆያቸው ማዕከል ሸሽ ኃይል ብቻ ነው።

ይህ ሚዛን ለተማሪዎች ጥሩ መልመጃ ይሆናል። ክንፉ ፈጽሞ ከተዘረጋ ማዕከል ሸሽ ኃይሉ በማጠፊያው ላይ ቀጥ ብሎ ስለሚያልፍ ክንፉን የመመለስ አቅም የለውም። ክንፉ ጥቂት ወደ ኋላ ሲዘነብል ግን የሚመልሰው ጠምዛዥ ኃይል ይፈጠራል። ስለዚህ ክንፉ የሚረጋው በሁለቱ መካከል ባለ አንድ ማዕዘን ላይ ነው፤ በመዝናኛ ቦታ በሰንሰለት ተንጠልጥለው የሚሽከረከሩ ወንበሮች ዘንበል ብለው እንደሚረጉት ማለት ነው። እንዲሁም ብዙዎች ሞተሩን በማስጮኽ ማዕዘኑን ማሻሻል የሚቻል ይመስላቸዋል። ጀልባዋ ቆማ ሳለ ይህ ልክ አይደለም። የፕሮፔለሩ ገፊ ኃይልም ማዕከል ሸሽ ኃይሉም ሁለቱም ከዙር ፍጥነት ካሬ ጋር ስለሚያድጉ ንጽጽራቸው አይለወጥም፤ ማዕዘኑን የሚወስኑት የክንፉ ክብደትና ቅርጽ ናቸው። ሞተሩን ማስጮኽ በእርግጥ የሚረዳው ጀልባዋ ገና ወደ ፊት እየተንሸራተተች ሳለ ነው። ያን ጊዜ የሚመጣው ውኃ ክንፎቹን ለመዝጋት በራሱ ስለሚገፋ፣ እርሱን ለማሸነፍ ፈጣን ዙር ያስፈልጋል። ከዚህ የምንረዳው፣ ጥሩ ታጣፊ ፕሮፔለር የሚሠሩ ሰዎች ለክንፉ ክብደት የሚጨነቁት ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ነው። ጎሪ የተባለው የዴንማርክ ፕሮፔለር ክንፎቹ ሙሉ በሙሉ ተገልብጠው ወደ ኋላም በዚያው መሪ ጠርዝ እንዲሠሩ በማድረግ ችግሩን በሌላ መንገድ ተወጥቶታል።

የኋላ ማርሽ አቅም የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ጀልባ ፍሬን የላትም። ስድስት ቶን የምትመዝነው ጀልባችን በ2 ኖት ወደ ድንጋይ መትከያ እየቀረበች ነው እንበል። ወደ ኋላ የሚገፋት ኃይል 600 ኒውተን ከሆነ ለመቆም 10 ሴኮንድና 5 ሜትር ከግማሽ ያነሰ ርቀት ይበቃታል። ኃይሉ በግማሽ ቢያንስ ርቀቱ እጥፍ ይሆናል፤ ከ10 ሜትር በላይ፣ ማለትም የጀልባዋ ሙሉ ርዝመት ማለት ነው። በሜዲትራኒያን ወደቦች ጀልባዎች ጀርባቸውን ለመትከያው ሰጥተው በሌሎች ሁለት ጀልባዎች መካከል እየተሸጎጡ ስለሚቆሙ፣ በዚያ ለሚኖር ሰው ፌዘሪንግ ፕሮፔለር ዋጋውን በአንድ ክረምት ባያስመልስም በእርጋታ እንዲተኛ ያደርገዋል።

ከፊዚክሱ ውጭ ያሉትን ነገሮች በአጭሩ እንጥቀስ። ሁለቱም ከቋሚው ብዙ እጥፍ ይወደዳሉ፤ ፌዘሪንጉ ውስጡ ማርሽ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከታጣፊው ይበልጣል፤ በየዓመቱም ግሪስ ይፈልጋል። ነሐስና የማይዝግ ብረት በጨው ውኃ ውስጥ ተገናኝተው ባትሪ ስለሚሆኑ፣ በነሐሱ ፋንታ እንዲበላ የሚገጠመው የዚንክ ቁራጭ በጊዜው ካልተተካ ውድ የሆነው ማርሽ ራሱ መበላት ይጀምራል። የታጣፊው ማጠፊያ ሲላላ ፕሮፔለሩ ይንቀጠቀጣል። በሞቃት ባሕር ለወራት ሳትንቀሳቀስ የቆመች ጀልባ ደግሞ በሁለቱም ዓይነቶች ላይ ቅርፊት ለባሽ የባሕር ፍጡራን ተጣብቀው እንዳይከፈቱ ሊያደርጓቸው ይችላሉ። ለታጣፊው የሚደላ አንድ ነገር አለ፦ የተጣለ የዓሣ መረብና ገመድ በእምቡጡ ላይ አይጠመጠምም፤ ተንሸራትቶ ያልፋል። ለፌዘሪንጉ የሚደላ ሌላ ነገርም አለ፦ ፕሮፔለራቸው በቀፎውና በመሪው መካከል ባለ ጠባብ ክፍተት ውስጥ በተቀመጠ አሮጌ ጀልባዎች ላይ ታጣፊ ክንፍ ወደ ኋላ የሚተኛበት ቦታ የለውም። በዚህ ጊዜ ምርጫው ከመጀመሩ በፊት ያልቃል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ገዢ መጥቷል፤ ኤሌክትሪክ ሞተር ያለው። በሸራ እየተጓዘ በሚሽከረከረው ፕሮፔለር ባትሪውን የሚሞላ ሰው ጉተታውን ሆን ብሎ ይገዛዋል፤ ፕሮፔለሩ ቢታጠፍበት ይከስራል።

ሁለት ጉዞዎች ምርጫውን ግልጽ ያደርጉታል። ከካናሪ ደሴቶች ወደ ካሪቢያን የሚሻገር ሰው ከኋላው የሚነፍስ ቋሚ ነፋስ ይዞ ከሦስት ሳምንት በላይ ይጓዛል፤ ሞተሩን የሚያስነሣው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው፤ መድረሻውም ሰፊ የመልሕቅ መጣያ ነው። ለእርሱ ባለ ሁለት ክንፍ ታጣፊ ፕሮፔለር በቂ ብቻ ሳይሆን ከሁሉ የተሻለ ይመስለናል። የቀይ ባሕር ጉዞ ግን ሌላ ነው። ከባብ ኤል መንደብ እስከ ስዊዝ 1,200 ማይል ያህል ነው። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት በደቡባዊው ክፍል ከኋላ የሚገፋ የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ይገኛል፤ በሰሜናዊው አጋማሽ ግን ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ በግንባር ይመጣል። እ.ኤ.አ. ከ2023 መገባደጃ ጀምሮ በመርከቦች ላይ በተሰነዘሩት ጥቃቶች የተነሣ መንገዱ ለትናንሽ ጀልባዎች አስፈሪ ሆኖ ቆይቷል እንጂ፣ በሰላሙ ጊዜ ወደ ሰሜን የሚጓዙት በሞተር እየታገዙ ማዕበሉን ሲገፉ ብዙ ቀን ያሳልፉ ነበር። እንዲህ ላለ ጉዞ ሦስት ክንፍ ያስፈልጋል፤ ፒቹም እንደ ማዕበሉ መስተካከል የሚችል ቢሆን ይመረጣል። ፒቹን በቀላሉ ለማስተካከል የሚያስችሉት ደግሞ ብዙዎቹ ፌዘሪንጎች ናቸው።

ለሒሳብ አፍቃሪ አንባብያን አንድ ጥያቄ እንተው። በምሳሌያችን ጀልባ ዙሪያ የሚጎተተው ውኃ ፕሮፔለሩን በ10 ሳይሆን በ20 በመቶ በቀነሰ ፍጥነት ቢያገኘው፣ የተቆለፈው ቋሚ ፕሮፔለር ጉተታ ስንት ይሆናል? ጀልባዋስ 500 ኒውተን ከሚሰጥ ሸራ ጋር በየትኛው ፍጥነት ትረጋለች? ለመጀመሪያው ጥያቄ 130 ኒውተን ገደማ ካገኛችሁ መንገዳችሁ ትክክል ነው፤ ሁለተኛውን እየሞከሩ መቅረብ ይሻላል፣ ከ4.6 ኖት ጀምሩ።